አያ ሞላ ዳታቤዛችንን ዳገት አስወጡት

"በሉ አጥፉትና መልሱት፤ እኔ ቆሜ ልይ!"

ዛሬ ደባርቅ ቢሯችን መጥተው እንዲህ ያሉን የበቅሎ ተራ አስከባሪው አያ ሞላ ናቸው።

የእንግዶች ቀጠሮና የባለበቅሎዎች ተራ የሚቀመጥበት የክላውድ ዳታቤዝ ለአስጎብኚ ድርጅታችን እየመረጥን ነበር። እኔ ስለ ፍጥነት ሳብራራ (የደባርቅን ኔትወርክ ረስቼ ነው መሰለኝ) አቋረጡኝ።

"ተራው ከጠፋ ሰው ይጣላል። እኛ በቅሎ ስንገዛ ጭነን ዳገት እናስወጣለን እንጂ የሻጭ ወሬ አንሰማም።"

ሁለት አገልግሎቶች ላይ የሙከራ የተራ መዝገብ ጫንን፣ ደመሰስነውና ከባክአፑ (ከመጠባበቂያ ቅጂው) ለመመለስ ሞከርን። የአንደኛው ባክአፕ ለካ ካላበሩት አይሠራም፤ ባዶ ሆኖ ቀረ። ሌላው ተራውን እስከ መጨረሻው ስም መለሰው። እሱን ያዝን።

አያ ሞላ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። እኔ ግን ስንት ዓመት "ባክአፕ አለን" ስል ኖሬ፣ ሲመለስ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

የእናንተስ ሲመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?