በእኔ አፍ ያለፈው ልጅ

ውጭ አገር የሚኖሩ አይሁዶች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር አለ። አባላቱ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት ይሰበሰቡና እንግዳ ጋብዘው ያዳምጣሉ። እንግዳው የሚያውቀውን ይናገራል፣ እነሱ ይጠይቃሉ፣ በመጨረሻ ካሜራው ላይ እጃቸውን አውለብልበው ይሰነባበታሉ። እንግዳው አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ ንግግሩን ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ሥራውን ያገኘልኝ ሜክሲኮ አጠገብ ባለ ኮሌጅ አብሮኝ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው።

የምኖረው ጌጃ ሰፈር ከእናቴ ጋር ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፤ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍለን መተላለፊያው ላይ መጋረጃ ሰቀልን። እኔ ከወዲህ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ስናገር፣ እናቴ ከወዲያ ምስር ትለቅማለች፣ የምለው ባይገባትም ድምፄን ትሰማለች።

የማኅበሩ አስተባባሪ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አጥብቃ ነግራኛለች። እሱ እንዲህ አለ፣ እሷ እንዲህ አለች ማለት የለም፤ እንግዳው «እኔ» ካለ እኔም «እኔ» እላለሁ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ቄስ በቀረቡበት እሑድ፣ እኔ ሴቲቱ «ጢሜ ሳይሸብት በፊት» ብዬ ተናግሬ ሰዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ ሥራው ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አንዲት ሴት ተጋበዙ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በእግር ሱዳን ገብተው፣ ከዚያ እስራኤል የተሻገሩ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። ከእንግዶቹ ጋር አስቀድሜ በስልክ መተዋወቅ ልማዴ ስለነበር፣ በዋዜማው ደወልኩላቸው። ማዳመጫዬ ተበላሽቶ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ከየት እንደምደውል ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከልደታ አልኳቸው። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ ታናሽ ወንድማቸው ያወሩኝ ጀመር።

ልጁ ሦስት ዓመቱ ነበር። ትኩሳት ይዞት ስለነበር በአንቀልባ አዝለውት ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ደረሱ። እናታቸው ከፊተኞቹ ጋር ቀድማለች። ልጁን ቁጥቋጦ ጥላ ሥር አስቀምጠው ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ሲወርዱ ተኩስ ተሰማ። ሰው ሁሉ ተበተነ። መንገድ መሪው እጃቸውን ይዞ በሌላ አቅጣጫ ጎተታቸው። ሲጎተቱ ልጁ ስማቸውን እየጠራ ሲያለቅስ ይሰሙ ነበር። ማንም አልተመለሰም። ሱዳን ሲደርሱ እናታቸው ለጠየቃት ሁሉ ልጁ በትኩሳት እንደ ሞተና እንደተቀበረ ነገረች፤ በኋላ ለደረሰው ታላቅ ወንድ ልጇም ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በየዓመቱ ያስበዋል፣ ይጸልይለታል። ከቤተሰቡ እውነቱን የሚያውቁ እናትየዋና እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እናትየው ከሞተች ደግሞ ቆይቷል።

ለምን ለእኔ እንደሚነግሩኝ ጠየቅኳቸው።

«አንቺ እዚያው አገር ነሽ፤» አሉኝ። «ቢኖር አርባውን ያለፈ ጎልማሳ ነው። በግራ ጆሮው ኋላ የእሳት ጠባሳ አለው፤ የጥፍር ጨረቃ ታህላለች። መቼም መንገድ ላይ ሰው ታያለሽ።»

ነገ ግን ይህን እንደማይናገሩ፣ እናታቸው ያለችውን ብቻ እንደሚሉ ነገሩኝ። እኔም እርስዎ ያሉትን እላለሁ አልኳቸው።

በማግስቱ እንደዚያው ሆነ። ሰማያዊ ሻሽ አስረው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ልጁ መጠለያ ካምፕ ውስጥ እንደ ሞተ ተናገሩ። እኔም ተከትዬ በእንግሊዝኛ፣ ገላውን አጠብኩት፣ በእጄ አፈር አለበስኩት አልኩ። ያላጠብኩትን፣ እሳቸውም ያላጠቡትን። ማያው ላይ በየሳጥናቸው ያሉት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። የመስሚያ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ ያደረጉ አንድ አዛውንት፣ ከዚያ በኋላ መቃብሩን ሄደው አይተውት ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁ። ጥያቄውን በአማርኛ አደረስኩ።

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ግን የሴትዮዋ ዓይን ይርገበገባል። ቆይተው፣ «አንቺ ንገሪያቸው፤» አሉኝ።

የትኛውን እንደምናገር አላውቅም ነበር። በሁለቱም በኩል እውነት የሆነ አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ። በእንግሊዝኛ፣ ቦታውን አላውቀውም አልኩ። እሱንም «እኔ» ብዬ።

ኮምፒውተሩን ስዘጋ እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ቆመች። በዋዜማው በስልክ የተወራውን ሁሉ ለካ ሰምታለች።

«ልጁ ተገኘ?» አለችኝ።

አልተገኘም አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስገባ እየጠበቀች ያንኑ ትጠይቀኝ ጀመር፤ ጎረቤት የጠፋ ልጅ እንዳለ ሁሉ።

እኔም ሳላውቀው መፈለግ ጀምሬ ነበር። ሜክሲኮ ታክሲ ስሰለፍ ከፊቴ የቆመውን ወንድ ጆሮ ኋላ አያለሁ። ባቡር ውስጥ፣ ባንክ፣ ከፀጉር ቤት የሚወጣ ጎልማሳ ሳይ፣ ሁልጊዜ ግራውን። ክፍል ገብቼ እያስተማርኩ ድንገት «እኔ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ይከብደኛል፤ የማን እንደሆነ ይጠፋኛል። ሌሊት ላይ የሚያለቅስ ልጅ የግቢያችን ልጅ መሆኑን እያወቅኩ ቁጭ እላለሁ።

አንድ ቀን የበራችን ማጠፊያ ተሰብሮ ለማስበየድ አብነት ሰፈር ብየዳ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ጠባሳውን አየሁት። በግራ ጆሮው ኋላ፣ እንደ ጥፍር ጨረቃ። ቀና ሲል ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። እጁን ወደ ጆሮው ወስዶ ዳሰሰና ፈገግ አለ። በሕፃንነቱ ከእናቱ እቅፍ አምልጦ ፍም ላይ ወድቆ ነው፤ እናቱ ቡታጅራ ናቸው፣ ዛሬም ሲያዩት ይቆጫሉ፣ ትናንት በስልክ አውርተዋል። ፊቴን አይቶ በርጩማ አቀረበልኝ። ተቀመጥኩ። የሰው እናት በሕይወት መኖሯ ሲያሳዝነኝ ያን ቀን አየሁ፤ ከራሴ ፈራሁ።

ለሴትዮዋ ይህን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን በቀጣዩ ዓመት አስተባባሪዋን ራሳቸው ለምነው እንደገና ቀረቡ። በዚህኛው ጊዜ በዋዜማው ስደውል ስልክ አላነሡም። በእሑዱ ያው ሰማያዊ ሻሽ፣ ያው አቀማመጥ። ሰላምታ ሳያበዙ ጀመሩ።

«ባለፈው የነገርኳችሁ ልክ አይደለም። አልቀበርኩትም። ሳስቀምጠው ይተነፍስ ነበር።»

እኔም አልኩት። አልቀበርኩትም፣ ሳስቀምጠው ይተነፍስ ነበር። መስሚያ ያደረጉት አዛውንት ማይካቸውን ከፍተው የልጁን ስም ጠየቁ። ሴትዮዋ ስሙን ተናገሩ። ስም አይተረጎምምና እኔም እንዳለ ደገምኩት። አዛውንቱ አፋቸው እየተሳሰረባቸው ቀስ ብለው ደገሙት፤ ሌሎቹም በየቤታቸው አንድ በአንድ።

ማኅበሩ የቀረጸው የዚያ ቀን ንግግር እስራኤል ቤተሰቡ ዘንድ ደረሰ። ያን ሁሉ ዓመት የጸሎቱን ቀን ሲያሰናዳ የኖረው ታላቅ ወንድማቸው ተቀየማቸው፤ የሚታሰብበትንም ቀን ተወው። ሴትዮዋ ይህን ሊነግሩኝ አንድ ዓርብ ከሰዓት ደወሉ፤ ስልኩ እንደ ቀድሞው ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። የሞተ ነው እንዳይሉ አላዩም፣ ያለ ነው እንዳይሉ አላገኙም፤ ሰንበት ሲገባ ምን ብለው እንደሚጸልዩለት ጠፍቷቸዋል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባልለታል ብለው ጠየቁኝ።

እናቴ ከወዲያ ተነሥታ መጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ከማታውቃቸው ሴት ጋር ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጠችም።

«መንገደኛ ነው በዪው፤» አለቻት። «ለመንገደኛ እንደሚጸለይ ጸልዪለት።»

በወዲያኛው በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

አሁን ዓርብ ዓርብ ይደውላሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ። አንዳንዴ ሁለቱም ነገር ያልቅባቸውና ዝም ይላሉ። ከስልኩ ውስጥ የሩቅ አገር ሕፃናት ደረጃ ላይ ሲሯሯጡ ይሰማል። እናቴ ስልኩን አትዘጋውም፤ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ምስሯን በአንድ እጇ መልቀሟን ትቀጥላለች።