የእትዬ ወርቄ ጉልበት

አፉላ ከተማ ውስጥ አንሶላ የሚያጥብ ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ አለቃችን ጎበዝ ሠራተኞችን ፕራግ የምትባለውን የአውሮፓ ጥንታዊ ከተማ ላስጎብኝ ብሎ ተነሣ። በዕብራይስጥ መናሄል የሚሉት አለቃ አይደል፣ ዝግጅቱን እኔ ላይ ጣለው። ከተመረጡት ቀዳሚዋ የጊቫት ሃሞሬ ሰፈሯ እትዬ ወርቄ ነበሩ። እሳቸው ግን «ጉልበቴ አይችልም» አሉኝ።

በእግር የሚታየውን ሁሉ በአውቶቡስ አደረግሁላቸው። ሊፍት ያለው ሆቴል ፈለግሁ። ወይ ፍንክች! ቀኑን ሙሉ ቆመው አንሶላ ሲያጥፉ የሚውሉ ሰው ናቸው እኮ!

ተስፋ ቆርጬ ስማቸውን ልሰርዝ ስል፣ «ይቅርብዎት! አውሮፕላኑ ላይ መስኮት ዳር ያለውን ወንበር ይዤልዎት ነበር» አልኳቸው።

አንሶላው ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄ፣ ያኔ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሲያመጡን እኮ አውሮፕላኑ ወለሉ ላይ እግራችንን አጥፈን ነው። አሁን ወንበር አስገቡበት እንዴ?»