ኃላፊው ከጋቢ ጋር የተቆራኙበት ስብሰባ

ዛሬ የኮሌጃችን የታሪክ መምህር ጋሽ ቶሎሳ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ከክልል ከመጡት ኃላፊ ኮት ጋር ቋጠሩት። ያውም ስብሰባ መሀል።

በአዳማ ሙቀት ጋቢ ለብሰው ሲመጡ መጠርጠር ነበረብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ መምህራን በኮሌጆች ረቂቅ አዋጅ ላይ እንድንወያይ ተጠርተናል። አንዱ አንቀጽ የማታውን ትምህርት ያስቀራል። ቀን ባጃጅ ሲነዱ ውለው ማታ የሚማሩት ልጆች የት ይሂዱ?

ኃላፊው ረቂቁን አንብበው ጨረሱ። ገና ለጥያቄ እጅ ስናወጣ፣ እንደ ልማዳቸው "ሌላ ስብሰባ አለብኝ" ብለው ተነሡ። ጋሽ ቶሎሳ የቋጠሩት ያኔ ነው።

"በአያቴ ዘመን፣ በ1920ዎቹ፣ እዚሁ አዳማ ከሳሽና ተከሳሽ በልብስ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፍለጋ የሚሄዱት። ዳኛውም መንገድ ላይ መጀመሪያ ያገኙት ሰው ነው" አሉ።

መጀመሪያ በበሩ ብቅ ያለው የኃላፊው ሾፌር ሆነ።

ሾፌሩ ሁለቱንም ወገን ሰማ። "ጌታዬ፣ ይቀመጡና ይስሟቸው። እኔም ምሳ አልበላሁም" ብሎ ፈረደና ምሳውን ሊበላ ወጣ።

ኃላፊው ሳቁም፣ ተቀመጡም። የሆዳችንን ተናገርን፤ እሳቸውም ጻፉ። አንቀጹ ይሰረዝ አይሰረዝ ገና አናውቅም።

ቋጠሮው ሲፈታ ግን ወደ ጋሽ ቶሎሳ ጠጋ ብለው፣ "ሐሙስ የእኔ አለቃ ይመጣሉ። ጋቢውን እንዳይረሱት" አሏቸው።

እናንተስ፣ ሳይሰማ የሚሄድ አለቃ በምን አስቀራችሁ?