ጋሽ ዘሪሁንና ጀርባውን የሰጠው ማይክሮፎን

ባለፈው ሳምንት ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ባለችው ትንሽ ስቱዲዮዬ አንድ እንግዳ ለቀረጻ ገብቶ ሜንቶል ከረሜላ አፉ ውስጥ ወረወረ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ጋሽ ዘሪሁን ከነኮቱ ፊቴ ድቅን አለብኝ። "እባክህ ከረሜላውን ትፋልኝ" ብዬ ጮህኩበት፤ ሰውየው ደነገጠ።

ጋሽ ዘሪሁን በልጅነቴ እዚሁ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር በነበረችው ቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ ኃላፊ ነበር። አንቱታው ይቅርበት። ማን እንደሾመው እስከ ዛሬ አላውቅም። እሑድ እሑድ ማይኩን በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርግና "ሃሎ፣ ሞጃ፣ ምቢሊ" እያለ በስዋሂሊ አንድ፣ ሁለት ይቆጥራል፤ ከዚያ እንደ ከሰል ምድጃ እፍ ይልበታል። ካልተነፋበት አይነቃም ባይ ነው። የሰባኪዎቹ ማይክ ዳይናሚክ ስለነበረ ችሎታል፤ ውስጡ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ያለበት፣ ቢወድቅም የማይሞት፣ አፍ ሥር ካልያዙት ግን እምብዛም የማይሰማ ዕቃ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን እንደ ሐብል አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል እንጂ ጆሮው ላይ ሲያደርገው አላየሁም። ስፒከሩ ሲያፏጭ ጥፋቱ ሁልጊዜ የዘማሪዎቹ ነው።

እናቴ አልማዝ ዘማሪ ነበረች። ለእንቅርቷ ቀዶ ጥገና ሲታዘዝላት ሐኪሙ "ድምፅሽ እንደነበረ ላይመለስ ይችላል" አላት። ከዚያ በፊት ራሷ የደረሰችውን አንድ መዝሙር ማስቀረጽ ፈለገች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ጋሽ ዘሪሁን ለዚያ ቀን ኮንደንሰር ማይክ ተውሶ መጣ። ኮንደንሰር ከሚክሰሩ፣ ማይኮቹ ሁሉ ከሚሰኩበት የድምፅ ማስተካከያ፣ ኤሌክትሪክ ካልመጣለት አይሠራም፤ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ እንኳ ይይዛል። ያኛው ደግሞ የሚሰማው ከጫፉ ሳይሆን ከጎኑ፣ ያውም የፋብሪካው ምልክት ባለበት በኩል ነው፤ ጀርባው ደንቆሮ ነው። ጋሽ ዘሪሁን ግን ምልክቱን እያየ ሊኮራ ወደ ራሱ አዞረው። እናቴን ከጀርባው አቆማት።

"ወንድም ዘሪሁን፣ አቀማመጡ እንዲህ ነው?" አለችው።

"እህት አልማዝ፣ ይሄ ሲሪየስ ዕቃ ነው። አንቺ ዘምሪ ብቻ፤ ሳዋ? እሺ?" አለና ከአፉ የማይለየውን ሜንቶል ከረሜላ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛወረ።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ዘመረች። አዳራሹ በድምፅዋ ሞላ፤ እኔ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስትጨርስ ጋሽ ዘሪሁን አውራ ጣቱን አነሳ። የቀረጸውን መልሶ እንኳ አላዳመጠም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅዋ ሻክሮ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ዘምራ አታውቅም። መዝሙሩን የገለበጠልንን ሲዲ ስንከፍተው እሷ ጎረቤት ቤት ሆና የምትዘምር ትመስላለች፤ የሱ ከረሜላ ግን ጥርሱን ቀጭ ቀጭ ሲያደርገው እዚሁ ጆሯችን ሥር ነው። ሲነገረው "ማይኩ ኦሪጅናል አይደለም" አለ። እናቴ ደግሞ "ደክሞልናል፣ ጌታ ይባርከው" አለች። እኔ አልባረክሁትም፤ ዛሬም አልባርከውም። ይህን ሙያ የያዝኩት እንኳ በፍቅር ሳይሆን በንዴት ነው።

ጋሽ ዘሪሁን ከሞተ ቆይቷል። ትቶልን የሄደው ያችን ሲዲ ብቻ ነው። የዚያን ቀን እንግዳዬን ከሸኘሁ በኋላ መዝሙሩን ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ከረሜላውን ከውስጡ ለማጥፋት ብዙ ታገልኩ። በመጨረሻ ጠፋ። የእናቴም ድምፅ አብሮት ሄደ።

ሁለቱንም መለስኳቸው።