መቋሚያውና አንበሳው

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ባቋረጠበት ሰሞን ነው። ኋላ ካዛንቺስ በተባለው ሰፈር ጣሊያኖች ለሠራተኞቻቸው ቤት ሊሠሩ የእኛን የጭቃ ቤቶች ያፈርሱ ነበር። የሚፈርሰው ቤት በር በኖራ ይቀባል። የእኔም ተቀባ። ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ባለቤቴ ደብተራ ነው፤ የታመሙ እናቱን ሊጠይቅ አገሩ ሄዶ መንገድ ተዘጋበት። ያን ቤት ካጣሁ የምወልድበት ጣራ አልነበረኝም።

የምሠራው በአንድ አርመን ፎቶ ቤት ነበር። ጨለማው ክፍል ውስጥ ፎቶ በመድኃኒት አጥባለሁ። ሰዓት ስላልነበረኝ በአቡነ ዘበሰማያት እለካለሁ፤ ለአንዱ መድኃኒት አራት፣ ለሌላው ሰባት። አርመኑን «ሙሴ» እንለው ነበር። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ፎቶዎቹ ሲያምሩለት መሳቁን ተወ።

አንድ ቀን በሮቻችንን ያስቀባው የግንባታው አለቃ፣ «ካፖ» የሚሉት ጣሊያን፣ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣ። ጣሊያኖቹ በሽቦ አጥረው ለሰው ከሚያሳዩአቸው አንበሶች ትልቁን አንሡልኝ አለ። አገሩ ላሉት እናቱ ሊልክላቸው ነው።

«ግን ሽቦ የለም!» አለ በተሰባበረ አማርኛ። «እኔ፣ ጫካ፣ አንበሳ። ሽቦ የለም!»

ሙሴ ሳቁን ውጦ እሺ አለ። እኔ ከጓዳ ወጣሁ።

«ጌታዬ፣ ሽቦው ካልታየ ቤቴን እስክወልድ ይተዉልኛል?»

ሆዴን አየ። ሙሴን አየ።

«ሽቦ ከታየ፣ ቅዳሜ ቤት የለም። ካልታየ፣ እስከ ሰኔ።»

ሙሴ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ነበረው። አንበሳው ከሽቦው ራቅ ብሎ ከቆመ፣ በዚያ ሌንስ ሲነሣ ቅርቡ ሽቦ ደብዝዞ ይጠፋል። ችግሩ ክብደቱ ነው። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ፎቶው ይበላሻል። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ደግሞ በጠባቡ የተመልካች መቆሚያ ላይ አይዘረጋም።

«አንድ እግር ይበቃዋል» አልኩና የባለቤቴን መቋሚያ አመጣሁ። ካህናት በማሕሌት ቆመው ሲያድሩ የሚደገፉት ነው። ሙሴ ካሜራውን ከመቋሚያው ራስ ላይ በጠፍር አሰረው።

ስንወጣ ጎረቤቴ እትዬ በራቸው ላይ ሆነው አዩን።

«አንቺ! በዚህ ሆድሽ ወዴት ነው?»

«አንበሳ ፎቶ ልናነሣ።»

«ወይ ጉድ! እርጉዝ አንበሳ ታያለች? ባለ ጎፈር ልጅ ልትወልጂ ነው!»

«ጎፈርም ይኑረው፣ እትዬ። ብቻ ጣራ ይኑረው።»

«መቋሚያውስ? የማሕሌት ዕቃ ለፈረንጅ?»

«የደከመው ይደገፈዋል። ሙሴ ደግሞ ደክሞታል።»

ከአንበሶቹ አጥር ስንደርስ ሁለት ፎቶ የሚያነሣ ፊልም ብቻ ቀርቶን ነበር። ሙሴ ጎንበስ ብሎ በካሜራው ያያል፤ እኔ መቋሚያውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። አንበሳው ሽቦው ሥር ተጋድሞ ተኝቷል። ሙሴ ይነጫነጫል። እኔ መቆም ለምጃለሁ፤ ቅዳሴ ያስቆመውን ሰው አንበሳ አያታክተውም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንበሳው ተነሣ። ወደ ውስጥ ራቅ ብሎ ሄደና ፊቱን አዞረልን። ልክ ያን ጊዜ የቂርቆስ ደወል ለቅዳሴ ተደወለ። ቀኝ እጄ መቋሚያውን ለቀቀ፤ አማተብኩና ጎንበስ አልኩ። ካሜራው ቀጭ አለ።

«ምን አደረግሽ? የአንበሳውን ጥፍር አነሣን እኮ!»

«ደወል ነው፣ ሙሴ።»

«አንበሳ ደወል አያውቅም!»

አንድ ቀረን። ደወሉ አላቆመም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ድምፅ ሰምቼ ሳላማትብ ቀርቼ አላውቅም። «ጌታ ሆይ፣ እጄ ተይዟል፤ ልቤን ተመልከት» አልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ልጄ በሆዴ ውስጥ ተራገጠች፤ መቋሚያው ግን ንቅንቅ አላለም። አንበሳው ቀና ብሎ አየን። ቀጭ።

ጨለማው ክፍል ገብቼ አቡነ ዘበሰማያቴን ሳልቸኩል ደገምኩ። መጀመሪያ ዓይኖቹ ወጡ። ቀጥሎ ጎፈሩ፣ በአፍንጫው ላይ ያለ አሮጌ ጠባሳ ሳይቀር። ሽቦ የለም። ተመስገን አልኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ካፖው መጥቶ ፎቶውን በማጉያ መነጽር ከዳር እስከ ዳር ፈተሸው።

«እናቴ ታለቅሳለች» አለ ደስ ብሎት። «ልጄን አንበሳ ሊበላው ነበር ትላለች።»

ፎቶው አልዋሸም፤ ቢዋሽ እሱ ይዋሻል። እኔ ለእናቱ ጤና ተመኘሁላቸው፤ እናት ናቸውና። እሱም ቤቱ እስከ ሰኔ እንዳይነካ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት፤ አንዴ በእሱ፣ አንዴ በሙሴ። ቃሉ አንድ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ጸሎቴን አድርሼ ውኃ ቀዳሁ። ጭቃና ጭድ አቡክቼ፣ አልጋዬ የሚጠጋበትን ዝናብ የሸረሸረውን ግድግዳ መረግሁ።