የዘለልሁት መስመር

ባለፈው ማክሰኞ ከጎንደር ወደ ገንዳ ውሃ የምሄድበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ቆመ። ከፊታችን የጭነት መኪኖች ተሰልፈዋል። ሾፌራችን ወርዶ ጠያይቆ ተመለሰና፣ «ወደፊት ተኩስ ተሰምቷል፤ ጠብቁ ተብለናል» አለን። ከጎንደር ጀምሮ አፉ ያላረፈው ረዳት እንኳ መስታወቱን ዘግቶ ቁጭ አለ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ፈራሁ። ሰው ሲያረጅ ፍርሃት ይለቀዋል የሚሉ ሰዎች አርጅተው አያውቁም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ስልኳን አውጥታ ዳዊት ከፈተችና በሹክሹክታ መድገም ጀመረች። ለማክሰኞ የተመደበውን ክፍል ነው። ጆሮዬን ጣል አድርጌ ተከተልኋት። ጥቂት እንደሄደች ጣቷ ስቶ ጽሑፉ ሸሸባትና አንድ መዝሙር ሙሉውን ዘለለች። እሷ አላወቀችም፤ እኔ ግን አወቅሁ። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? በእኛ ልማድ ዳዊት የሚደግምን ሰው አያናግሩትም። አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ንጉሡ ሳይሞላ ደጋሚውም ከሰው ጋር አያወራም። ይህን ልማድ አከብራለሁ ብዬ አንድ ቀን በወንድሜ ነፍስ ቆምሬያለሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወንድሜ አስማረ በሁለት ዓመት ታላቄ ነው። አባታችን ጋይንት ውስጥ ቄስ ነበሩ፤ አስማረን ዳዊት ያስጠኑት በአለንጋ ነው። አንድ ቃል ሲስት አንዴ ሾጥ ያደርጉታል። እኔን ማንም አላስጠናኝም። ጥግ ይዤ ጥጥ ስፈትል፣ እሱ በተገረፈ ቁጥር እኔ እይዛለሁ። በዚህ ምክንያት ዳዊቱ ልቤ ውስጥ የገባው ከፍርሃት ጋር ነበር። እግዚአብሔርንም ቢሆን አለንጋ ይዞ በራፍ ላይ የቆመ አድርጌ ነበር የማስበው።

በዚያ ዓመት እርሻችን አልያዘልንም፤ ሳሉግ ከሚባሉት የአጨዳ ሠራተኞች ጋር ተሳፍረን ከአብርሃ ጅራ አልፎ ወዳለ የሰሊጥ እርሻ ወረድን። እሱ ሊያጭድ፣ እኔ ወጥ ልሠራ። ቆላው ስንደርስ የገረመኝ ሙቀቱ አይደለም፣ ሜዳው ነው። ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለም። ሰሊጥ፣ ከሰሊጡ ማዶ ማሽላ፣ ከማሽላው ማዶ እንደገና ሰሊጥ። ለሃያ ሰው የማሽላ እንጀራና ሽሮ አሰናዳለሁ፤ ከሱዳን የሚመጣውን ከርከዴ አፍልቼ በጀሪካን ጥላ ሥር አቀዘቅዛለሁ። የዚያ ቀይ መጠጥ ጎምዛዛ ጣዕም አሁንም ምላሴ ላይ አለ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት ሊገባ ሲል፣ አስማረን ወባ ጣለው። ከጎናችን ካለው ዳስ አንድ የወሎ ልጅ በዚሁ በሽታ በቃሬዛ ተወስዶ አልተመለሰም፤ ከአገዳ በተሠራው ዳሱ ጣራ ላይ የሰቀለው ልብስ ገና አልወረደም። በሦስተኛው ቀን ጧት የእርሻው ወኪል አያ ሙጨ ውሃ ሊያመጡ በትራክተር ጤና ጣቢያ ወዳለበት ወደ አብርሃ ጅራ ሊሄዱ ተነሡ። ሮጥሁ።

«አያ ሙጨ፣ በፈጠረዎ ይዘውት ይሂዱ!»

አስማረ ከዳሱ ውስጥ ቀና አለ። «ተይ እንጅ ደብሬ! ላብ ወጥቶልኛል፣ ተሽሎኛል። ነገ አጭዳለሁ።»

አያ ሙጨ አዩት፤ እውነትም ፊቱ በርቷል። «እንግዲያው ለምሳ እደርሳለሁ። ከባሰበት ያን ጊዜ እወስደዋለሁ» ብለው ሄዱ። ወባ መሄዷም መምጣቷም በተንኮል መሆኑን እኔ የደጋ ልጅ ምን አውቄ! ሌሎቹም ማጭዳቸውን ይዘው ወጡ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ካለፈበት ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል።

ረፋድ ላይ ብርዱ መጣበት። ጋቢውንም ባዶውን ጆንያም ደረብሁበት፤ ከነጆንያው ይንዘፈዘፋል። ቀጥሎ ግለቱ መጣ። ዓይኑ ያየኛል፣ ግን አያውቀኝም። ወጥቼ ተጣራሁ፤ አጫጆቹ ከሜዳው ማዶ ናቸው፣ ድምፄ አይደርስም። ትቼው ብሮጥ ብቻውን ይሞታል፤ ብቀመጥ ዓይኔ እያየ ይሞታል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ያለኝ በቃሌ የያዝሁት ዳዊት ብቻ ነው። ፊቴን ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባዬን ወደ እሱ አድርጌ ቆምሁና ተሳልሁ፦ አንዱን ንጉሥ ሳላቋርጥ ካደረስሁ ይድናል፤ ካቋረጥሁ ይሞታል። እንዲህ ያለኝ ማንም የለም። የፈራ ሰው ራሱ ሕግ ያወጣል።

ከእኩሌታው አልፌ ሳለሁ አስማረ «ደብሬ» አለኝ።

ከንፈሬን ነከስሁና ቀጠልሁ። «ደብሬ…» አለ እንደገና፣ ቀጠን ባለ ድምፅ። ውሃ ፈልጎ ይሆናል አልሁ በልቤ፤ አፌ ግን አላቆመም። የቀረኝ ሦስት መዝሙር ነው። ብዞር እገድለዋለሁ ብዬ አልዞርሁም። ለሦስተኛ ጊዜ ይጠራኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠራኝም። ትንፋሹንም መስማት ተውሁ። ቃሉ አፌ ላይ ቀርቶ ዞርሁና ወደቅሁበት።

«አስማረ! አስማረ! እኔ ልሙት፣ ምን ልትለኝ ነበር?»

ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ በደረቅ ቁስል ተሰነጣጥቋል። «ዘለልሽ» አለ።

«ምኑን?»

«አንድ መስመር። ከእኩሌታው ላይ። አባባ ቢሰሙሽ ጀርባሽን ይልጡሽ ነበር።»

ሳቄ መጣ። ሳቅ ነው ልቅሶ ነው፣ እስካሁን አልለየሁትም። ለካ ስለቴን ገና ዱሮ አፍርሼዋለሁ፣ ወንድሜም አልሞተም፣ ሰማዩም አልተናደም። አንገቱን ደግፌ ከርከዴውን አጠጣሁት። ከዚያም «በል አንተ ጀምረው» አልሁት። እሱ አንዱን መስመር ይላል፣ እኔ ቀጣዩን። ሲደክመው የእሱንም እኔ እላለሁ፤ ስስት ጣቴን ጫን ያደርጋል። ያንን ሁሉ ዘመን በአለንጋ ድምፅ የሰማሁትን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉሙን ሰማሁት፤ የተናገረው ሰው ራሱ የፈራ ሰው ኖሯል! ፈርቶ እየጮኸ፣ እየጮኸ ደግሞ ደስ እያለው። ፍርሃቴ አልሄደም፤ ወንድሜ አሁንም እንደ ምጣድ ይግላል። ደስታው ግን ከፍርሃቱ ጋር አብሮ ገባ። እግዚአብሔርም በራፉ ላይ የቆመ አልመስል አለኝ፤ እኛው ዘንድ፣ ጆንያው ላይ፣ እንደ አስታማሚ የተቀመጠ መሰለኝ። ስንት ጊዜ እንደደገምን አላውቅም፣ የትራክተሩ ድምፅ ከሩቅ እስኪመጣ ድረስ አላቆምንም።

አስማረ ዳነ። ዛሬ አብርሃ ጅራ የልጅ ልጅ አይቷል፤ በስልክ ስንደግም አሁንም ያርመኛል፣ አንዳንዴም ሆን ብዬ እስትለታለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ልጅቱ ወደ ንጉሡ መጨረሻ እየደረሰች ነው። ድምፅዋ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል። እጄን ክንዷ ላይ አሳረፍሁ። ደንግጣ ቀና አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ልጄ፣ አንድ መዝሙር ዘልለሻል» አልኋት።

«ውይ እማማ! ታዲያ አሁን ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆን። ነይ፣ አብረን እንመለስበት።»

ስልኩን በሁለታችን መካከል አደረገችው። እሷ አንዱን መስመር፣ እኔ ቀጣዩን። መንገዱ ገና አልተከፈተም ነበር።