አርባ አንድ ሲያልፍ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። «የሥራ ስህተት ነው» እያልኩ ከኃጢአቴ ሳልቆጥረው ዓመታት አለፉ። ስህተት ግን አልነበረም። አይቻለሁ፤ አይቼ ዝም ብያለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ እንጅባራ ውስጥ የመሬት ጉዳይ በሚታይበት አንድ ቢሮ የባለጉዳይ አገልግሎቱን እንዳሻሽል ተቀጠርኩ። እዚያ ተራ የሚያዘው በድምፅ ነበር። የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «መጨረሻ ማነው?» ይላል፤ አንዱ «እኔ ነኝ» ይለዋል፤ በቃ። አማርኛ የማይቀናው በአዊኛ ይጠይቃል፣ በአዊኛ ይመለስለታል። እኔ ግን ይህን ጫጫታ አልኩት። ወረቀት የሚሰጥ፣ ግድግዳ ላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራ ማሽን አስገጠምኩ። ከሥሩ «ተራ መጠየቅ ክልክል ነው» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ ለጠፍኩ። የማሽኑ የሙከራ ቅጽ «ማንኛውም ባለጉዳይ ያለ ረዳት ሊጠቀምበት ይችላል?» ይላል። «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ማንን ጠይቄ? ራሴን ብቻ።

አለቆች ማሽኑን ሊያዩ በመጡበት ቀን አያ ደምሴ ከጥርባ መንደር መጡ። ቅርጫት ሠሪ ናቸው፤ ዓይናቸው አያይም። የቀርከሃ መሬታቸውን ጎረቤት ገፍቶባቸው አቤቱታ ይዘዋል፤ አቤቱታ መቀበያው የሚዘጋው በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

ዘበኛው ወረቀቱን አስያዛቸውና «አርባ አንድ ነዎት፣ አያ። መጠየቅ ግን ተከልክሏል» አላቸው።

«እንግዲያ ማሽኑ ራሱ ይናገራላ» ብለው ስቀው ተቀመጡ።

አርባ አንድ በራ። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ነበርኩ፤ አየሁት። እሳቸውንም አየሁ፤ ኮቴ በተሰማበት ሁሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዘበኛው ወደ በሩ ተመልሷል፤ ሌላው ሰው የየራሱን ቁጥር ይጠብቃል። ስማቸውን ብጠራ አለቆቹ የማሽኑን ጉድለት ሊያውቁ ነው። ዓይን አፋርነቴ ነው የያዘኝ? አይደለም፤ እኔ ነኝ የተሸሸግሁበት። አርባ ሁለት በራ። አሁንም መጥራት እችል ነበር። አርባ ሦስት በራ።

መዝገቡ ሲዘጋ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ መስኮቴ መጡ።

«ልጄ፣ አርባ አንድ ገና ነው?»

«አልፏል፣ አባቴ።»

«ሲያልፍ ያየ የለም?»

«እኔ አላየሁም» አልኩ።

መሬቱ ለጎረቤታቸው ጸና።

ከወራት በኋላ እውነቱን ልነግራቸው ጥርባ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ እጃቸውን ሳይ ግን ልናገር የመጣሁት ጠፋኝ። ቀርከሃውን በአውራ ጣታቸው እየለኩ ሲሰነጥቁት አንዱ ከሌላው ቅንጣት አይሰፋም። እጅ እንዳይቆርጥ የጠርዙን ስለት ሁሉ ወደ ውስጥ አጥፈውታል። ቅርጫቱ በግራም በቀኝም እጀታ አለው። ለምን ሁለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ግራኙስ? ጉልበት ያነሰውስ? አንዱን እሱ ይይዛል፣ አንዱን ሰው ያግዘዋል። ዕቃ ሰው አይመርጥም፣ ልጄ።»

ለሁሉም ሰው ስለሚሆን ንድፍ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ንድፉን በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን፣ ዓይናቸው በማያይ ሰው እጅ ላይ ነው። «መጨረሻ ማነው?»ም ለካ እንዲያው ነበር፤ ማየት አይፈልግ፣ ማንበብ አይፈልግ፣ ቋንቋ አይመርጥ። ማን ሠራው? ማንም አልሠራውም፤ ሁሉም ሠራው። የከለከልኩት ግን እኔ ነኝ።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «የመስኮቷ ልጅ ነሽ።» እጃቸውን ከሥራው አንስተው ጠበቁኝ።

«ሰላም ልልዎ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ቅርጫቱን ጨርሰው ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

ማሽኑ አሁን ቁጥሩን በአማርኛና በአዊኛ ይጠራል። ለዚህ ማሻሻያ ምስጋና ተሰጠኝ፤ እሱንም ተቀበልኩ። አያ ደምሴ ግን የገዛ አባታቸው የተከሉትን ቀርከሃ ዛሬ ከጎረቤት ይገዛሉ።

ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው አልልም። ሲያልፍ ያየ የለም ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱ እንደ ድሮው የተራ አያያዝ ሁለት ቃል ብቻ ነበር።

እኔ ነኝ።